ለፓርኪንሰን አካሄድ የቱ ድምፅ ይሻላል? ሜትሮኖም፣ ሙዚቃ ወይስ የጫማ ሴንሰር

አባቴ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲያልፉ ደፉ ላይ እግራቸው ተጣብቆ ይቀራል። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነታቸው ወደፊት ያዘነብላል፣ እርምጃው ግን አይመጣም። አጠገባቸው ቆሜ ጭኔን እየመታሁ «አንድ፣ ሁለት» ስል እግራቸው ይነሳል። የፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል ስለሚያሳጣ፣ ሳናስብበት እርምጃችንን በልኩ የሚያስኬደው የአንጎል ክፍል ይደክማል። ከውጭ የሚመጣ ምት ያንን ጉድለት ለመሙላት ያግዛል።

ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀድሞ ምት እየሰጠ ይመራል፣ ሌላው አካሄድን እየተከታተለ መልስ ይሰጣል።

ሜትሮኖም፣ ማለትም በእኩል ልዩነት ምት የሚሰጥ መሣሪያ፣ የሚመራው ነው። የስልክ አፕ በነፃ ይገኛል፣ ቀበቶ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያም አለ። መጀመሪያ በአንድ ደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ ይቁጠሩ። 90 ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ጨምሮ 99 ላይ ማለማመድ የተለመደ ነው። እግራቸው ለሚጣበቅባቸው ሰዎች ግን ማፍጠኑ ሊያባብስ ስለሚችል፣ ወደ 81 ዝቅ ማድረግን የሚመክሩ ጥናቶች አሉ። ልኩን ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን። ድክመቱ፣ ሰውየው እግሩን ቢጎትትም ባይጎትትም ቀጭ ቀጭ ማለቱን አለመተዉ ነው።

ሙዚቃም የሚመራ ነው፤ ደስ ይላል፤ አንዳንዱን ሰው ከወንበሩ የሚያስነሳው እሱ ብቻ ነው። ሆኖም ከበሮው ጥርት ብሎ የሚሰማና ከእርምጃው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። ትዝታ ይዘገያል፣ የጉራጌ ዘፈን ለሽማግሌ እግር ይፈጥናል። ዘፈኑን ለማዳመጥ ቆም የሚሉ ከሆነ ይቅርባቸው።

ተከታትሎ መልስ የሚሰጠው ሴንሰሩ፣ እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ ጫማ ላይ ይታሰራል፤ ስልኩ እርምጃውን ለክቶ «ጎበዝ» ወይም «እርምጃህን አስረዝም» ይላል። ቤልጂየምና እስራኤል ውስጥ 40 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለገዢ ብዙ ያስተምራል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ለስድስት ሳምንት ቤታቸው የተለማመዱትም፣ መሣሪያው ሳይኖራቸው የፊዚዮቴራፒስት ምክር ያገኙትም ፍጥነታቸው ተሻሽሏል። መሣሪያው ብልጫ ያሳየው ሚዛን በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ በምን ቋንቋ ይናገራል? የሚንቀጠቀጥ እጅ ቁልፉን መጫን ይችላል? አማርኛ ብቻ ለሚሰሙ እናት በእንግሊዝኛ የሚያርም ዕቃ ምን ይረባቸዋል?

የትኛውንም ቢገዙ ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አይግዙ፤ መንገድ ላይ መኪና መስማት አለባቸው።

ዋጋ ከማወዳደር በፊት ግን በየቀኑ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ያስቡ። በእንግሊዝ፣ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ 153 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ለሦስት ሳምንት በምት ቤታቸው የተለማመዱት እንደተሻላቸው፣ ሥልጠናው ቆሞ ስድስት ሳምንት ሲያልፍ ግን ለውጡ በጣም እንደቀነሰ አሳይቷል። መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ውድ ዕቃ ከነፃው አፕ ያንሳል።

እኔ እግር ለሚጣበቅበት ሰው ሜትሮኖምን አስቀድማለሁ። ሴንሰሩ የሚጠቅመው እርምጃው እያጠረ ለሄደ፣ አጠገቡ ስልኩን የሚያስተካክልለት ልጅ ላለው ሰው ነው። እኛ ቀበቶ ላይ የሚሰካውን ገዛን። አባቴ አሁን ደፉ ጋ ሲደርሱ ትልቁን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ሦስት ምት ይጠብቃሉ፣ በአራተኛው ቀኝ እግራቸውን ያነሳሉ።