ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት የቱ ይሻላል? ዲዊ፣ ዩዲሲ፣ ሲርስ፣ ፋስት ወይስ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ኮድ

ካታሎግ ሊጀምር ወይም ያለውን ሊያቀልል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ሲስተም ልግዛ?» ብሎ ነው። የሚመረጡት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ምደባ ነው፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ የት እንደሚቆም የሚናገር ቁጥር። ሌላው የርዕሰ ጉዳይ ቃል ነው፤ አንባቢ ኮምፒውተር ላይ ሲፈልግ መጽሐፉ የሚመጣበት ስም። መጽሐፉ የሚቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የርዕሰ ጉዳይ ቃል ግን ሦስትም አራትም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አሳጥሮ የቀረውን ዝርዝር ለቃላቱ መተው ይቻላል። ብዙ ድካም የሚቀንሰው እዚህ ጋ ነው።

እኔ የምመክረውን ከወዲሁ ልናገር። ስብስባችሁ ትንሽ ወይም መካከለኛ ከሆነ ዲዊ የሚባለውን የቁጥር ምደባ በአጭሩ እትሙ ያዙ፣ ለርዕሰ ጉዳይ ሲርስ ወይም ፋስት ከሚባሉት የቃላት ዝርዝሮች አንዱን ጨምሩበት። ከዚህ የሚለዩ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ እነሱንም እያነሳሁ እሄዳለሁ።

መደርደሪያው

ዲዊ በ1876 የወጣ ነው። ዕውቀትን መጀመሪያ በ10፣ ከዚያ በ100፣ ከዚያ በ1000 ይከፍላል፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ እስከፈለጋችሁት ድረስ ይቀጥላል። ትልቁ ጥቅሙ ብዙ ሰው የሚሠራበት መሆኑ ነው። ሌላ ቤተ መጻሕፍት የሠራውን መዝገብ ስትቀዱ የዲዊ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ እናንተ የሚቀራችሁ ማረጋገጥ ብቻ ነው። ካታሎገር (መጻሕፍት የሚመዘግብ ባለሙያ) አንድ ወይም ሁለት ብቻ ላለው ቤት ይህ ከምንም በላይ ነው።

ሙሉው ዲዊ ግን ለትንሽ ስብስብ ይከብዳል። ስለ አሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ የሚያወራ መጽሐፍ በሙሉው ዲዊ 338.476292220973 ይሆናል። 15 አሃዝ! ቀጭን መጽሐፍ ከሆነ ሌብሉ ጀርባው ላይ ተቆራርጦ በሦስትና በአራት መስመር ይጻፋል፣ መጻሕፍት የሚመልሰው ሠራተኛ ከጎኑ ካለው 338.476292220952 ጋር እያስተያየ አሃዝ በአሃዝ ይቆጥራል፣ አንባቢው ደግሞ ግማሹን ወረቀት ላይ ገልብጦ ግማሹን ይተወዋል። በአጭሩ ዲዊ ያው መጽሐፍ 338.4 ነው። አለቀ። «የመኪና ኢንዱስትሪ» እና «አሜሪካ» የሚሉት በርዕሰ ጉዳይ ቃል ይገባሉ፣ የሚፈልጋቸውም ሰው የሚፈልጋቸው እዚያው ነው።

አጭሩ እትም የተሰናዳው እስከ 20,000 ርዕስ ላላቸው ቤተ መጻሕፍት ነው። 15ኛው እትም በ2012 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለመጡ አዳዲስ ጉዳዮች ከሙሉው ዲዊ ቁጥር ወስዶ ማሳጠር ያስፈልጋል። ማሳጠሩም እንደ ልብ አይቆረጥም። ማርክ ኮምፒውተር የሚያነበው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ ነው፤ በብዙ የማርክ መዝገቦች የዲዊ ቁጥር በሚገባበት 082 መስክ ውስጥ ቁጥሩ መሐል ዝንብል መስመር (/) ታያላችሁ፤ አጭሩ ቁጥር የሚያበቃው እዚያ ጋ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መተው ትችላላችሁ።

የዲዊን ጉድለትም ልደብቅ አልፈልግም። በሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280 ያለው ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ተይዟል፣ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በሙሉ 290 ውስጥ ተጠጋግተዋል። በሥነ ጽሑፍም 810 ለአሜሪካ፣ 820 ለእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ለጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች እየተሰጠ ይሄድና የተረፈው ዓለም 890 ላይ ይከማቻል። ስብስባችሁ የሚበዛው ከነዚህ ጠባብ ቦታዎች በአንዱ ከሆነ ቁጥራችሁ መርዘሙ አይቀርም። ሌላው የመብቱ ጉዳይ ነው። ዲዊ ኦሲኤልሲ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ትብብር ድርጅት ንብረት ነው፣ ወቅታዊው ሠንጠረዥ ዌብዲዊ በተባለው የኢንተርኔት ቅጂው ላይ የሚታየው በየጊዜው ተከፍሎ ነው። ይህ ወጪ በየዓመቱ ባጀት ውስጥ የሚገባ እንጂ አንዴ ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም።

ዩዲሲ የዲዊ ዘመድ ነው። ሁለት ቤልጅጋውያን፣ ፖል ኦትሌና ሄንሪ ላ ፎንቴን፣ ከዲዊ ተነስተው አሰፉት። ቁጥር ከቁጥር በምልክት ማገናኘቱ ይለየዋል፤ ሁለት ጉዳዮችን በሁለት ነጥብ፣ አገርን በቅንፍ። ለቴክኒክና ለምርምር ስብስብ፣ ሪፖርትና መጣጥፍ ለሚበዛበት ቤት፣ እውነቱን ለመናገር ከዲዊ ይሻላል። የሃይማኖት ክፍሉንም በ2000 ከሥሩ ስለከለሰው ዲዊ ላይ ያለው አድሎ እዚህ የለም። ዩዲሲ ሰመሪ የሚባለው አጭር ቅጂ ወደ 2,600 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ባጀት ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን። ችግሩ መገልበጥ ላይ ነው። የምትቀዱት መዝገብ ከእንግሊዝኛው ዓለም ከሆነ የዩዲሲ ቁጥር የሚይዘው ጥቂቱ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ምልክቶቹም ያለ ሥልጠና እጅ አይገቡም።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ምደባ በፊደል የሚጀምር፣ 21 ዋና ክፍሎች ያሉት፣ ሠንጠረዡም በነፃ የሚወርድ ነው። ለራሱ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ግዙፍ ስብስብ የተሠራ ስለሆነ ለትንሽ ቤት አልመክረውም። ስብስባችሁ ሕክምና ብቻ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ትታችሁ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍትን ምደባና ሜሽ የተባለውን የቃላት ዝርዝሩን ውሰዱ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

አሁን አሁን «ዲዊን ጥሉት፣ እንደ መጽሐፍ መደብር ደርድሩ» የሚል ወገን አለ። በ2007 አሪዞና፣ ጊልበርት ከተማ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ያለ ዲዊ ሲከፈት ብዙ ተወርቶለታል። የሚጠቀሙበት ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ቢሳክ ነው፤ የአሜሪካ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ዝርዝር። ከዚያ ውጪ ቲማ የሚባል ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ንግድ ዝርዝር አለ፤ በ2013 የወጣ፣ ነፃ፣ ከመጀመሪያውም ለብዙ ቋንቋ ታስቦ የተሠራ። ከሁለቱ ቲማን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቢሳክን ማየት ነፃ ቢሆንም ሲስተም ውስጥ አስገብቶ ለመጠቀም የፈቃድ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ለልብ ወለድና ለልጆች ክፍል ይህ አደራደር በጣም ያምራል፣ ልጅ «እንስሳት» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ራሱ ይሄዳል። ሌላው ክፍል ላይ ግን ያልቅበታል። «ታሪክ» ሥር ብዙ መቶ መጽሐፍ በደራሲ ስም ብቻ ሲደረደር የአንድ ጦርነት መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ይበተናሉ። ስለዚህ ለልጆች ክፍል ተጠቀሙበት፣ ለቀረው ቁጥር ይኑራችሁ።

ፍለጋው

አንድ መጽሐፍ ይዘን እንይ። ስለ ኬንያ የንብ እርባታ ታሪክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የርዕሰ ጉዳይ ዝርዝር ይህን አንድ ረጅም ሰንሰለት ያደርገዋል፦ የንብ እርባታ—ኬንያ—ታሪክ—20ኛው ክፍለ ዘመን። ቅደም ተከተሉ ሕግ አለው፣ አገር ከየትኛው ቃል በኋላ እንደሚገባ ሕግ አለው፣ ሕጉም መመሪያ መጽሐፍ ሞልቷል። አንባቢ ግን እንደዚህ ብሎ አይፈልግም።

ፋስት ያንኑ ሰንሰለት ይበትነዋል፦ የንብ እርባታ ለብቻ፣ ኬንያ ለብቻ፣ ታሪክ ለብቻ፣ 1900–1999 ለብቻ። ቃላቱ ከዚያው ከኮንግረሱ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው፣ የተወገደው የሰዋስው ሸክሙ ብቻ ነው። ፍለጋውም ውሂቡም ነፃ ነው። አዲስ ሠራተኛ ቶሎ ይለምደዋል፣ ካታሎጉም ጎን ላይ «በአገር»፣ «በዘመን» እያለ ማጣራት ይችላል። የሚያጣው ነገር ትስስርን ነው። መጽሐፉ ስለ ሁለት አገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ከሆነ የትኛው ጉዳይ የየትኛው አገር እንደሆነ አይታወቅም። ለትንሽ ስብስብ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

ሲርስ በ1923 ለትናንሽ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አንድ ጥራዝ ነው፣ ቃሉ ቀላል ነው፣ ሁሉንም ቃል አልዘረዘረም፤ በምሳሌ አሳይቶ «እንደዚህ እያላችሁ ራሳችሁ ጨምሩ» ይላል። ለትምህርት ቤት እሱን እመርጣለሁ። ግን ይገዛል፣ አዲስ እትም ሲወጣም እንደገና ይገዛል። ኢንተርኔት የማያስተማምን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርኔት ካለ ፋስት።

«የራሳችንን ዝርዝር እንሥራ» የሚለው ሐሳብ በጣም ይፈትናል። እባካችሁ አታድርጉት፣ ቢያንስ ለመሠረቱ። ዝርዝር ጠባቂ ይፈልጋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 የምግብ ማብሰልን ቃል ከ«ኩከሪ» ወደ «ኩኪንግ» ሲቀይር ተከታዮቹ አዲሱን ቃል ከነማዛመጃው አገኙ። የራሳችሁን ዝርዝር ግን የጀመረው ሰው ሥራ ሲለቅ የሚከታተለው የለም፣ «መኪና» እና «ተሽከርካሪ» ጎን ለጎን ያድጋሉ። የአንባቢያችሁ ቋንቋ እንግሊዝኛ ካልሆነ የፋስቱን ቃል ከነመለያ ቁጥሩ ያዙና የራሳችሁን ቋንቋ ቃል አጠገቡ አስገቡ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከራሳችሁ መደርደሪያ የተለያዩ 50 መጻሕፍት አውጡ፣ በተለይ የሚያስቸግሩትን። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ በሁለት ሲስተም ይመድቧቸው። የፈጀባቸውን ሰዓት ጻፉ፣ ስንቱ ላይ እንደተስማሙም ቁጠሩ። ሁለቱ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚለያዩበት ሲስተም በወረቀት ምንም ቢያምር ለእናንተ አይሆንም።

የካታሎግ ሶፍትዌር ሻጩንም ጠይቁ፣ ሶፍትዌሩ ኮሃ የተባለው ይሁን ሌላ። የዲዊ ቁጥር 082 ላይ፣ የዩዲሲ 080 ላይ ይቀመጣል? የርዕሰ ጉዳይ ቃል በሚገባበት 650 መስክ ላይ ቃሉ ከየትኛው ዝርዝር እንደመጣ መመዝገብ ይቻላል? ሁሉንም መዝገብ በማርክ መልክ ራሳችን አውጥተን መውሰድ እንችላለን? ለመጨረሻው ጥያቄ «በትዕዛዝ እንሠራላችኋለን» የሚል መልስ ከመጣ ዋጋውን ውሉ ላይ ሳታጽፉ አትፈርሙ።