ባለ 44 ክፍሉ የንግሥተ ሳባ ሥዕል፦ ሲገዙ መጀመሪያ ውሃ የምትጠጣበትን ይመልከቱ

በአዲስ አበባ የባህል ዕቃ ሱቆች የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል በተለምዶ በ4 ረድፍ 11፣ 11 ሆኖ ይሣላል። ከዘንዶው አርዌ ጀምሮ ታቦተ ጽዮን አክሱም እስኪገባ ድረስ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የሠዓሊው ችሎታ የሚለየው ግን የንጉሡን ግብዣ፣ መኝታውንና ውሃውን በሚያሳዩት ጥቂት ክፍሎች ነው። እነሱ ካላሳቁ ሥዕሉ አይገዛም።

በክብረ ነገሥት እንደተጻፈው ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ቤት ምንም በግድ ላትወስድ ምላለች። እሱ ቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርብላታል፤ ሌሊት ውሃ ሲጠማት ተነሥታ ታየዋለች፣ የተኛ መስሏት እጇን ስትዘረጋ ይይዛታል። ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ተንኮል በዓይን ይሠራዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ በአንድ ጎኑ ይሣላል። ንጉሡ ፊቱ እንደ ጻድቅ ወደ እኛ ዞሮ ዓይኑ ብቻ ወደ ውሃው ሰረቅ ሲል፣ ያ የከበረ ወግ ራሱ ሳቅ ይፈጥራል። ደካማ ሥራ ላይ ንግሥቲቱ ስትጠማም ስትነግሥም ፊቷ ያው ነው።

ቀልዱ ለቱሪስት የተጨመረ አይደለም። የሰው በላው የበላዔ ሰብእ ነፍስ ስትመዘን እመቤታችን በጥላዋ ሚዛኑን ወደ ምሕረት ስታደላው የሚያሳየውን ሥዕል ያየ፣ ይህ ብልሃት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደወረደ ያውቃል።

ክፍሎቹ ከ44 ያነሱ ከሆነ ወጥ ቤቱ ወይም ማዕዱ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቅመሙ ከሌለ ጥሙ ምክንያት ያጣል። ከሥር ያለውን ጽሑፍም ያንብቡ፦ ከሌላ ሥዕል ሲገለበጥ ቃላት ይዘላሉ፣ አንዳንዴም ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም። በጭስ ወይም በሻይ ያስረጁት ደግሞ ቡናማው ቀለም ፊቱንም ልብሱንም እኩል ያለብሰዋል፤ ያ የዓይኑን ነጭ ስለሚያደበዝዝ ቀልዱን ይገድለዋል።

ለጉዞ ከብራና ይልቅ ጨርቅ ይመረጣል። ብራና እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈነቀላል። ጨርቁን አጣጥፈው አይያዙት፤ ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገው በወፍራም ካርቶን ላይ ይጠቅልሉት። ያረጀ የሚመስል ከሆነ ከአገር ከመውጣትዎ በፊት ቅርስ ላለመሆኑ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ያውጡለት፤ አለበለዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያዝ ይችላል።