በደሴ የተሰጠው የአየር ንብረት ድርድር ሥልጠና እንዴት ነበር?

በጥር ወር አጋማሽ፣ የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ገበሬ ሰማይ ሰማዩን እያየ የበልጉን ዝናብ በሚጠብቅበት ሰሞን፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ድርድር ስላላቸው ሚና በደሴ ከተማ የተሰጠውን የሦስት ቀን ሥልጠና ተካፍያለሁ። የአዘጋጁን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ቀጣዩን ዙር ለመውሰድ የሚያስቡ የአካባቢያችን ማኅበራት ምን እንደሚጠብቃቸው አውቀው እንዲሄዱ ነው። ክፍያ አልተጠየቅንም፣ የትራንስፖርት ወጪያችንም ተሸፍኗል። በአዳራሹም ሆነ በመስተንግዶው ቅሬታ የለኝም።

ወሎ ውስጥ ኤንጂኦ ሲባል አብዛኛው ሰው ዐይን ላይ ቀድሞ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴና ዘይት ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር እንዲህ ቢያስብ አያስገርምም። የሥልጠናው ትልቁ ጥቅም ይህንን ምስል ማስፋቱ ነው። አሠልጣኟ እ.ኤ.አ. በ1992 ከጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ተነሥተው፣ አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 6 ለድርጅቶች በሩን እንዴት እንደከፈተ አስረዱን። በጉዳዩ ላይ ብቃት ያለው ድርጅት በታዛቢነት መገኘት እንደሚፈልግ ካሳወቀ፣ በስምምነቱ ጉባኤ ከተገኙት አባል ሀገራት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ካልተቃወሙት በስተቀር ይገባል። ታዛቢ ግን ድምፅ አይሰጥም፤ የሚናገረውም ሰብሳቢው ሲፈቅድለት ነው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ የወጣቶች፣ የሴቶች፣ የገበሬዎች እየተባሉ በተደራጁ ዘጠኝ ቡድኖች በኩል።

ድምፅ የማይሰጥ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የቀረበው ምላሽ በምሳሌ የበለጸገ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊልድ የተባለው የለንደን የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት የትንንሽ ደሴት ሀገራትን ኅብረት በሕግ እያማከረ ከጎናቸው ቆሟል። ደሴቶቹ ሐሳባቸውን የፓስፊክ ደሴት ሀገር በሆነችው በቫኑዋቱ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1991 ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት የሰማቸው አልነበረም፤ ሆኖም የባሕር ውኃ ለሚውጣቸው ሀገራት ማካካሻ ይኑር የሚለው ያ ጥያቄ ሳይሞት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ የኪሳራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት መንግሥታት ሲለዋወጡ ጉዳዩን ከጉባኤ ጉባኤ ተሸክመው ከዘለቁት መካከል እነዚህ ድርጅቶች ይገኙበታል። ስለ ቃላት ጥበቃ የተሰጠውም ትምህርት ልብ የሚነካ ነበር፤ የፓሪሱ ስምምነት አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 4፣ የበለጸጉ ሀገራት ልቀት በመቀነስ ግንባር ቀደም መሆን «አለባቸው» ይል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በመጨረሻው ሰዓት «ይገባቸዋል» ወደሚለው ለስላሳ ቃል ተለውጦ ጸድቋል።

ሥልጠናውን የማልረሳው ግን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በተፈጠረው ነገር ነው። የተሰጠን ሰነድ በሙሉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ከተሁለደሬ የመጣች አንዲት ወጣት ከኩታበር ለመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው ተቀምጣ በሹክሹክታ ትተረጉምላቸው ነበር። «ኪሳራና ጉዳት» ከሚባለው ውስጥ «ሎስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ደብተሯ ላይ መጀመሪያ «ኪሳራ» ብላ ጽፋ ነበር። «ኪሳራማ የነጋዴ ነው ልጄ፤ የእኛ ጥፋት ነው» አሏት። ሰረዘችና «ጥፋት» ብላ ጻፈች። አዛውንቱ ጥቂት አሰብ አደረጉና እጃቸውን አውጥተው ለአሠልጣኟ እንዲህ አሉ፦ «ጥፋት ካለ አጥፊ አለ። አጥፊ ካለ አበጋሮች ተቀምጠው ካሣ ይቆርጣሉ። እናንተ ዘንድ ካሣውን የሚቆርጠው ማነው?» (አበጋር በወሎ የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ ነው።) አሠልጣኟ «አባቴ፣ ትልቁ ክርክር ይኸው ነው» ብለው፣ የፓሪሱን ስምምነት ያጸደቀው ውሳኔ በተራ ቁጥር 51 ላይ፣ ስለ ኪሳራና ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ 8 ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሣ መሠረት እንደማይሆን መደንገጉን አነበቡልን። አዳራሹ ዝም አለ። ቃሉን በወሎኛ ባንተረጉመው ኖሮ ይህ ጥያቄ አይወለድም ነበር።

በዚህም ምክንያት ዋናው ቅሬታዬ የሰነዱ ቋንቋ ነው። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ የገበሬና የሴቶች ማኅበራት ተወካዮች ሆነው ሳለ ባለ ብዙ ገጽ የእንግሊዝኛ ጥራዝ ማደል፣ በአንዲት ወጣት በጎ ፈቃድ ላይ ተማምኖ ማሠልጠን ማለት ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ በዚያው በታዛቢነት በር የነዳጅ ኩባንያዎች ፍላጎት አራማጆችም እንደሚገቡ በጥድፊያ መታለፉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዱባይ ጉባኤ የድርጅቶች ጥምረት 2,456 የሚሆኑ የነዳጅ ፍላጎት አራማጆችን ቆጥሯል። ይህን ያልነገሩት ሠልጣኝ ኤንጂኦ ሁሉ ለድሃው የቆመ እየመሰለው ይሄዳል። ስለ ሀገራችን ሕግም አንድ ሰዓት ሊመደብ ይገባ ነበር፦ በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ቢያነሣም ብዙ የወረዳ ማኅበራት እስካሁን የተፈቀደላቸውን አያውቁትም።

የሦስተኛው ቀን የድርድር ልምምድ ጥሩ ነበር፣ ሰዓቱ ግን አጠረ።

32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ እንደሚካሄድ ተወስኗል። ከደሴ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ የበልግ መቅረት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁ ሰዎች በዚያ ጉባኤ ለመታየት የቀራቸው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ጉድለቱን ይዞም ቢሆን ሥልጠናውን እንድትወስዱ እመክራለሁ። ቀጣዩ ዙር በወልድያ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። ለአዘጋጆቹ የምጠይቀው የሰነዱ አማርኛ ትርጉም ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለማኅበራቱ እንዲደርስ፣ ትርጉሙም ከመታተሙ በፊት ለእኚያ የኩታበር አዛውንት እንዲነበብላቸው ነው።