ባለ ሚል ወይስ ባለ ኤምኦኤ?

ባቢሌ ዝሆን ለማሳየት እንግዳ ይዤ ስወጣ ትልቁ ጭንቀቴ ርቀት ነው። ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ሳታውቅ ሰው ይዘህ አትጠጋም። ስለዚህ ውስጡ የመለኪያ መስመር ያለው መነጽር ፍለጋ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ወረድኩ። ሁለት አገኘሁ፦ በሚል የተሰመረ ባይኖኩላርና በኤምኦኤ የተሰመረ ባለ እግር ቴሌስኮፕ። ሚልም ኤምኦኤም ትንንሽ የማዕዘን መለኪያዎች ናቸው። ሻጩ «አቦ፣ ሁለቱም ያው ነው» አለኝ።

ያው አይደለም። አንድ ሚል 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ 1000 ሜትር ላይ ድፍን 1 ሜትር። ኤምኦኤ ደግሞ የዲግሪ 1/60ኛ ነው፤ 100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በያርድና በኢንች ለሚያስብ ይመቸዋል፤ 100 ያርድ ላይ ከ1 ኢንች እምብዛም አይበልጥም። ዒላማ ተኳሾችም ሩብ ኤምኦኤ ከ0.1 ሚል ስለሚረቅ ይወዱታል። እኛ ግን በሜትር ነው ያደግነው።

ባለ ሚሉን ገዛሁ። ሐረር ገብቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ቁመቱን 2 ሜትር ብዬ በለካሁት የብረት በር ሞከርኩት። 8 ሚል ሞላ። የበሩ 2 ሜትር በ1000 ሲባዛ 2000፤ 2000 ሲካፈል ለ8፣ 250 ሜትር። በቃ፣ በቃል! በኤምኦኤ ቢሆን ያው በር 27.5 ነው፤ በ3438 ማባዛት ሊመጣ ነው። እንግዳ አጠገቤ ቆሞ ካልኩሌተር አላወጣም።

ቅር ያለኝ መስመሮቹ መቅጠናቸው ነው። ሲመሽ ከግራሩ ጥላ ጋር ይቀላቀላሉ። ደግሞ ቁመቱን የማታውቀውን ነገር አይለካልህም። ግልገል ሳይ ትቼው አጠገቡ ያለችውን እናቱን ነው የምለካው።