ገለጻው ቤት፣ ልምምዱ ክፍል?

በተለመደው አሠራር መምህሩ ክፍል ውስጥ ያስረዳል፤ ተማሪው መልመጃውን ቤቱ ወስዶ ብቻውን ይታገላል። ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ አሜሪካውያን የኬሚስትሪ መምህራን በ2007 እ.ኤ.አ. ገለጻውን በቪዲዮ ወደ ቤት፣ ልምምዱን ወደ ክፍል አዞሩት።

እኔም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። የኬሚካል እኩልታ ሲያመጣጥን ከቀመሩ ፊት የሚገባውን ቁጥር ትቶ ከኦክስጅን (O₂) ግርጌ ያለችውን 2 የሚቀይር ተማሪ አለ። ይህን ስህተት በጊዜ የማርመው አጠገቡ ስቆም ነው፤ ሰሌዳ ስሞላ ግን ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

የተለመደው አሠራር ስልክም ዳታም አይጠይቅም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቪዲዮ የለም። ስለዚህ ገለጻውን በሚሞሪ ካርድ እቀዳላቸዋለሁ፣ ስልክ ለሌላቸው አንድ ገጽ ማስታወሻ አባዛለሁ። ሳይዘጋጁ የመጡትን ከኋላ ወንበር ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲያነቡ አደርጋለሁ እንጂ ለሁሉም መልሼ አላስረዳም።