ብረት መፈለጊያዬ በከዚራ ወለሎች ሥር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ዕቃ የገዛሁት ወርቅ ለመፈለግ አይደለም። ሥራዬ አሮጌ ቤት ማደስ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ አሮጌ ቤት አይቸግራትም። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የመጣች ናት። ከዚራ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑና ሕንዱ ነጋዴ የኖረባቸው ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አንዳንዶቹ ሰው አለባቸው። አንዳንዶቹ በውርስ ክርክር ወይም በእርጅና ተዘግተው በረንዳቸው ላይ ፍየል ይተኛል።

እንዲህ ዓይነት ቤት ከመንካቴ በፊት ከወለሉ ሥርና ከግድግዳው ውስጥ ያለውን ማወቅ አለብኝ። የውሃ ቱቦው በየት ያልፋል? የጉድጓዱ ክዳን የት ተቀበረ? ጣውላውን ስሰነጥቅ መጋዜን የሚበላ ሚስማር አለበት? ዲቴክተሩን የገዛሁት ለዚህ ነው። ሳንቲም መልቀሙ በኋላ የመጣ ሱስ ነው።

ሁለተኛ እጅ ነው የወሰድኩት፤ ወርቅ አወጣበታለሁ ብሎ ገዝቶ ተስፋ ከቆረጠ ሰው። ክረምቱ ሳይወጣ ነበር፤ አሁን በልግ ገብቷል። የብራንዱን ስም አልጠራም። ዓላማዬ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ዕቃ በየብራንዱ አለ። በ12 ኪሎ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ፣ ዲዲ የሚባለው 28 ሳንቲሜትር ኮይል (መሬት ላይ የሚያልፈው ጠፍጣፋ ራስ) ያለው፣ ጣት በሚያህሉ አራት ባትሪዎች የሚነሳ፣ ከ0 እስከ 99 ቁጥር የሚያሳይ መካከለኛ ዕቃ ነው። ሻጩ ለምን ተስፋ እንደቆረጠ ይገባኛል። ለደቃቅ ወርቅ የሚሠሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ከዚህ በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሄዱት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮይሉ ውስጥ ሁለት የመዳብ ጥቅልሎች አሉ። አንደኛው መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል። ሞገዱ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ያ ኤሌክትሪክ የራሱን ሞገድ ይመልሳል። ሁለተኛው ጥቅልል ይህን ይሰማል። ማሽኑ መልሱ ምን ያህል እንደዘገየ አይቶ ቁጥር ያወጣለታል። ሚስማር ዝቅተኛ ነው። አሉሚኒየም መሃል ላይ ይውላል። መዳብና ብር ከላይ ናቸው። የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ጋር እዚያው መሃል ላይ ስለሚያርፍ «ወርቅ ብቻ ለይቶ ይጮኻል» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ወደ ዋናው ልግባ። የአሮጌ ቤት ዙሪያ ማለት ሚስማር ማለት ነው።

ጣሪያው በተቀየረ ቁጥር የድሮው የቆርቆሮ ሚስማር መሬት ላይ ይቀራል። ምስጥ የበላው ሞራሌ አፈር ሲሆን ሚስማሩ እዚያው ይቀበራል። የሳጥን እንጨት ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ አመዱ ጓሮ ሲደፋ ሚስማሩ አብሮ ይደፋል። ይህ ለመቶ ዓመት ሲደጋገም አስቡት። አዲሱን ማሽን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ግቢ ስትገቡ ድምፁ አያቋርጥም። ብዙ ሰው በዚህ ይናደድና «ይሄ ነገር አይሠራም» ይላል። ማሽኑ ግን ያገኘውን ነው የሚናገረው።

ለዚህ ነው «ስንት ሜትር ይወርዳል?» የሚለው የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አሮጌ ቤት አካባቢ ዋጋ የሌለው። እዚህ የሚያስፈልገው ጥልቀት አይደለም። ሁለት ጎን ለጎን የተኙ ነገሮችን ለይቶ መስማት ነው።

ራሴ ሞክሬዋለሁ። ቤታችን አንድ ጠገራ ብር አለ። 28 ግራም የሚሆን፣ ለማሽን ትልቅ ዒላማ ነው። ጓሮ ንጹሕ አሸዋ ውስጥ አንድ ስንዝር ቀበርኩት። ከ90 በላይ ቁጥር ይዞ ጥርት ብሎ ጮኸ። ከዚያ ከላዩ፣ አራት ጣት ፈንጠር አድርጌ፣ ሁለት የዛጉ የቆርቆሮ ሚስማሮች አስቀመጥኩ። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ቁጥሩም ከላይ ታች ዘለለ። ሚስማርን ዝም የሚያሰኘውን ማጣሪያ ስከፍት ጭራሽ ጠፋ። ይታያችሁ፣ እዚያው የቀበርኩት ጠገራ ነው! ማጣሪያው ሚስማሩን ዝም ሲያሰኝ ጎረቤቱንም አብሮ ዝም ያሰኘዋል።

በ13 ሳንቲሜትር ኮይል ደገምኩት። ከአንድ አቅጣጫ በዝግታ ሳሳልፈው ጠገራው ተመለሰ። አጭር፣ ግን ግልጽ ድምፅ። ትንሹ ኮይል ከትልቁ ያነሰ ነው የሚወርደው። ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው መሬት ትንሽ ስለሆነ ሚስማሩና ብሩ አይደባለቁበትም። ከዚያ በኋላ አሮጌ ቤት አጠገብ ትልቁን የማወጣው ቱቦ ወይም የጉድጓድ ክዳን ስፈልግ ብቻ ነው። ለቱቦ ግሩም ነው። የብረት ቱቦ በረጅሙ ስለሚተኛ ድምፁን ተከትላችሁ መሬት ላይ በኖራ እያሰመራችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የፕላስቲክ ቱቦን ግን አያውቀውም። ሽቦንም ያገኛል፤ መብራት ይኑርበት አይኑርበት አይነግራችሁም። ስለዚህ ቆጣሪው ሳይጠፋ አትቆፍሩ።

አሠራሬን ለሚፈልግ፦ ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ላይ አደርገዋለሁ። ማጣሪያውን እዘጋለሁ፤ ሚስማሩ በወፍራም ድምፅ ይጩህ። ኮይሉን በጣም ቀስ አድርጌ ነው የማንቀሳቅሰው። ትልቅ ቆርቆሮ እንዳያታልላችሁ ደግሞ ኮይሉን ወደ ጉልበት ከፍ አድርጉት። ሰፊ ቆርቆሮ ብር መስሎ በከፍተኛ ቁጥር ይጮኻል። ከጉልበት ከፍታም የሚጮህ ከሆነ ሳንቲም አይደለም፤ የጣሪያ ቁራጭ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ፣ ወደ ወለሉ ሥር። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ወለላቸው በሞራሌ ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ጣውላ ሲደርቅ ይሸሻል። በስንጥቁ የሚገባው ሁሉ ይገባል፦ ሳንቲም፣ መርፌ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ዶቃ። የወደቀው አይነሳም። ከታች ዝናብ የለም፣ የሚያርስ የለም፣ የሚረግጥ የለም። ስለዚህ ዕቃው ከላይኛው ሁለት ጣት አፈር ውስጥ ነው የሚገኘው። ለትልቁ ኮይል በሞራሌዎቹ መሃል ቦታ የለም፤ ትንሹ ልክ ይገባል። የወለሉ ሚስማር ራሱ ከላይ ስለሚረብሽ ጣውላው ከተነሳ በኋላ ነው የምሠራው። እና ልንገራችሁ፣ እዚያ ቦታ ወንፊት ከማሽኑ ይበልጣል። ዶቃውንና የአጥንት ቁልፉን ማሽኑ ከየት ይሰማል? ማሽኑ የሚረዳኝ ከየት ማበጠር እንደምጀምር ለማወቅ ነው። የበሩ መግቢያና የመስኮቱ ሥር ሁልጊዜ ይበልጣሉ። የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ። ድንጋይ በባዶ እጅ አታንሱ፤ የድሬ ጊንጥ ቀልድ አያውቅም።

ዓመተ ምሕረት አይታችሁ «ይህ በዚያ ዓመት የወደቀ ነው» እንዳትሉ። በአገራችን የተለመዱት የድሮ ገንዘቦች ዓመታቸው የቆመ ነው። ጠገራው መቼም ይመታ መች 1780 ነው የሚለው። የጃንሆይ ሳንቲሞች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ ሁሌም 1936 ነበር የሚጻፍባቸው። የደርግ ዘመኖቹም 1969 ላይ ቆመዋል። ከዓመቱ ይልቅ ቅርጹ ይናገራል። የጃንሆይን 25 ሳንቲም ውሰዱ። መጀመሪያ ክብ መዳብ ነበር፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ ሰው ብር እየቀባ በ50 ያልፍ ጀመር። ከዚያ ጠርዙ እንደ አበባ ተከርክሞ ወጣ። እኔ ካገኘኋቸው ይሄ ጠርዘ አበባው ነው በብዛት ያለው። መዳብ ስለሆነ ማሽኑ ይወደዋል፤ ከ80 በላይ ይጮኻል። የደርጉ 1 ሳንቲም አሉሚኒየም፣ 5ና 10 ናስ ናቸው፤ እነሱም ደህና ናቸው። በቅርብ ዓመታት የወጡት ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ማግኔት ያነሳቸዋል። ማሽኔ ላይ ቁጥራቸው ይዘላል።

ቆርኪን አልረሳሁትም። ዲዲ ኮይል የቢራና የለስላሳ ቆርኪን ከጥሩ ዒላማ መለየት ይከብደዋል። የትም ጓሮ ብትገቡ ቆርኪ አለ። የባትሪ ድንጋይ ቅርፊትም እንደዚሁ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያሉ ግቢዎች የባሱ ናቸው፤ በ1998 ክረምት ያ ክፉ ጎርፍ አሸዋና ቆሻሻውን ደባልቆ አምጥቷል። እዚያ አንድ ስንዝር ወርዳችሁ የምታገኙት ቆርኪ ከላይኛው ሳንቲም በዕድሜ ሊያንስ ይችላል።

ጥንካሬውስ? ከሞላ ጎደል ደህና ነው። ክንዱ፣ መቆለፊያው፣ የክርን ማረፊያው አልተሰበሩም። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ረፋዱ ላይ ትከሻ ይይዛል እንጂ አያማርርም። ያስቸገረኝ ሙቀቱና አሸዋው ነው። ፀሐይ ስትበረታ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ጥላ ሥር ሲገባ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራዬ ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ነው። ከዚያ በኋላማ ድሬ ውስጥ ማን ይሠራል አቦ! አንዴ ደግሞ ማሽኑ ያለምክንያት ይጮህ ጀመር። ባትሪ ቀየርኩ፣ ኬብሉን አጠበቅሁ፣ ምንም የለም። ለካ ከኮይሉ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ጥቁር አሸዋ ተጠራቅሟል። ብረት ያለበት አሸዋ ነው። ሽፋኑን አውልቄ ሳጥበው ዝም አለ። አሁን ሁሌ ከሥራ በኋላ አጥበዋለሁ። ርካሽ ባትሪ በሙቀት ስለሚያፈስ ማሽኑ ውስጥ አታሳድሩት። ኮይሉ ውሃ ይችላል፤ ሳጥኑ ግን ዝናብ አይችልም። ትራንስፎርመር አጠገብም ይረበሻል፤ ሴንሲቲቪቲውን መቀነስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ኢርፎን የግድ ነው፤ የሰው ነገር አለ። ድምፁን የሰማ ሕፃን ሁሉ ይከበኛል። ሕፃናቱስ ይሁን። ችግሩ ትልልቆቹ ናቸው። «ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው አለ፣ አያቴ ነግረውኛል፣ እኩል እንካፈል» የሚል ሰው ስልኬን ከየት እንደሚያገኝ አላውቅም። አንዲት እናት ግቢያቸው ቱቦ እየፈለግሁ ሳለ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ካገኘህ ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ለልጆቼ አትንገር» አሉኝ። የተገኘው የቱቦው መገጣጠሚያ ነበር።

ቀልዱን ትቼ፣ እነዚህን አስቡባቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይቻልም፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። እኔ የምገባው ባለቤቱ ለእድሳት በጠራኝ ቤት ብቻ ነው። የወደቀ ሳንቲም ሲገኝ ለባለቤቱ አስረክባለሁ፤ ከበድ ያለ አሮጌ ነገር ከመጣ ቁፋሮው ይቆምና ለባህል ቢሮ ይነገራል። የባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ይዤው አልገባም። ሐረር ያለ ወዳጄ «ጀጎል ውስጥ አንድ ባዶ ቤት አለ፣ ና» ሲለኝም እንቢ ብያለሁ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው፤ እንደ ጓሮ የሚቧጨር መሬት አይደለም።

ሌላው ፈንጂ ነው። ነሐሴ 1969 ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ቀለሃ በየቦታው ይገኛል፤ ባዶ ቀለሃ ናስ ስለሆነ ጥሩ ሳንቲም መስሎ ይጮኻል። ቀለሃ ካየሁ ዶማውን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በግንበኛ ማንኪያ ብቻ ነው። ክብ ወይም ሹል የሆነ፣ ከባድ፣ የማላውቀው ብረት ብቅ ካለ አልነካውም፤ ሰው አርቄ ለፖሊስ እደውላለሁ። ማሽኑ ቦምብንና የበር ማጠፊያን አይለይም።

ታዲያ ይገዛል ወይ? አናጺ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ወይም እንደኔ አሮጌ ቤት የሚያድስ ከሆነ፣ አዎ። ከአሮጌ ጣውላ ሚስማር በመለየት ብቻ ብዙ የመጋዝ ምላጭ አትርፎልኛል። ለሀብት ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ኮይል የሚገጠምለትን ምረጡ፤ ኮይሉን አብራችሁ ግዙ፤ በኋላ ለብቻው ማግኘት ያስቸግራል። የኔ ትንሹ ኮይል ሽፋኑ ከሰሞኑ ተሰንጥቆ ድሬ ውስጥ ምትኩን አጥቻለሁ። ለጊዜው በቴፕ አሽጌዋለሁ፤ ይሠራል።