የሙራባሃ ፋይል ከፊርማ በፊት ሲገለጥ

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት፣ ማለትም በመደበኛው ባንክ ውስጥ በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡ ከፈቀደ ወዲህ ምርጫው በዝቷል። ንግድ ባንክ «ሲቢኢ ኑር» አለው፣ አዋሽ «ኢኽላስ»፣ ዳሸን «ሸሪክ»፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘምና ሂጅራ ተጨምረዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነጋዴው ሄዶ «ማሽን መግዣ ፈልጌ ነበር» ሲል በአብዛኛው የሚቀርብለት ሙራባሃ ነው። ባንኩ ከነጋዴው ጋር ትርፍና ኪሳራ የሚጋራባቸው ሽርክናዎች፣ ሙሻረካም ሙዳረባም፣ ብሮሹሩ ላይ አሉ። ግን የሰው ሂሳብ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ኪሳራ መጋራት ለባንክ ስለሚከብድ፣ ዋጋው አስቀድሞ የሚቆረጠው ሽያጭ ይመረጣል።

ሙራባሃ ሽያጭ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ለይቶ ተናግሮ፣ በዱቤ መልሶ ይሸጣል። ይህን ቃል በቃል የሚፈጽም ባንክ ጥሩ ምርት አለው፤ በወረቀት ብቻ የሚያልፈው ጋ ወለዱ ስም ቀይሮ ቁጭ ይላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሸሪዓ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ፋይሉን ገልጦ ቀኖቹን ማየት ይበቃል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ደንበኛው ማመልከቻና ፕሮፎርማ ያስገባል፤ ዕቃው ከመጣ እንደሚገዛ ቃል ይገባል፤ ባንኩ ከአቅራቢው በራሱ ስም ይገዛል፤ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ የሽያጭ ውሉ ይፈረማል። ባንኩ ደንበኛውን ወኪል አድርጎ «አንተው ሄደህ ተረከብልኝ» ሊለው ይችላል፤ ይፈቀዳል። ግን ውክልናው ራሱን የቻለ ወረቀት ይሁን፣ ቀኑም ከግዢው ይቅደም። ክፍያው ደግሞ በሲፒኦ ወይም በዝውውር በቀጥታ ወደ አቅራቢው ይሂድ። ገንዘቡ ደንበኛው ሂሳብ ውስጥ ገብቶ «ገዝተህ ደረሰኝ አምጣ» ከተባለ በተግባር የተሰጠው ጥሬ ብድር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። መርካቶ «ቀብድ» ሲባል አስቀድሞ የሚጣል ገንዘብ ነው፤ በፊቅህ (በእስላማዊ ሕግ) ቋንቋ ግን ዕቃውን እጅ ማድረግ፣ መረከብ ማለት ነው። ባንኩ ያለዚህኛው «ቀብድ» መሸጥ አይችልም፤ በእጁ ያልገባን ነገር መሸጥ ይሆንበታልና። ከመረከብ እስከ ሽያጭ ባለው ጊዜ፣ ሦስት ቀንም ይሁን ሦስት ሰዓት፣ ማሽኑ ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። ትርፉን ሐላል የሚያደርገው ይኸው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ከግዢ ደረሰኙ በፊት ተፈርሞ ከተገኘ፣ ወይም ሁሉም ወረቀት በአንድ ቁጭታ ከተፈረመ፣ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው።

በጣም የተለመደው ብልሽት የሚጀምረው ግን ባንክ ከመሄድ በፊት ነው። ነጋዴው ዕቃው እንዳያመልጠው ለአቅራቢው ቅድሚያ ከፍሎ በስሙ ውል ይፈርማል፣ ከዚያ ባንክ ይመጣል። ዕቃው አንዴ የእሱ ከሆነ ባንኩ የሚገዛው ነገር የለም፤ ፋይሉ ይወድቃል። ፕሮፎርማ ተቀበሉ፣ ገንዘብ አትክፈሉ። አቅራቢው የራሱ የደንበኛው ሱቅ ሲሆንም ነገሩ ያው ነው፦ የራስን ዕቃ ለባንክ ሸጦ በዱቤ መልሶ መግዛት ኢና ይባላል፣ አይፈቀድም። የሠራተኛ ደመወዝና ዕዳ መክፈያም በሙራባሃ አይሸፈንም፤ የሚሸጥ ዕቃ የለበትምና። ወርቅ ነጋዴዎችም በዱቤ ሙራባሃ ወርቅ መግዛት አይችሉም።

ዋጋው ላይ ረጋ እንበል። 1,000,000 ብር የሚያወጣ የዱቄት ወፍጮ እንውሰድ፦ ለባንኩ የሚሰጥ ቅድመ ክፍያ 25 በመቶ፣ ትርፍ «በዓመት 12 በመቶ»፣ ጊዜው 3 ዓመት። ባንኩ በቀሪው 750,000 ላይ 12 በመቶን በሦስት ዓመት አባዝቶ 270,000 ብር ቢጨምር፣ የሽያጩ ዋጋ 1,270,000 ይሆናል። 250,000ው ሲቀነስ 1,020,000 ይቀራል፤ በወር 28,333 ብር ግድም ማለት ነው። ጎረቤት ባንክ «17 በመቶ ወለድ» ሲል ይሄኛው የረከሰ ይመስላል። አይደለም። የወለዱ ባንክ በየወሩ በሚቀንሰው ቀሪ ዕዳ ላይ ካሰላ፣ ከላይ ያለው ክፍያ በዚያ ስሌት 21 በመቶ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ «ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም፤ የሚጠየቀው ጠቅላላ የሽያጭ ዋጋው በብር ስንት እንደሆነ ነው። ባንኩም ይህን የመናገር ግዴታ አለበት፤ ዋናውንና ትርፉን ለይቶ ያላሳየ ሙራባሃ ሙራባሃ አይባልም።

በዚያው ልክ ጥንካሬውም እዚህ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በ3 ዓመት ውስጥ ምንም ቢመጣ አይነካም። የወለድ ብድር ውል ባንኩ መጠኑን እንዲያሻሽል በር ይተዋል፤ ሽያጭ ያን በር ዘግቶታል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ የፈረመ የሙራባሃ ደንበኛ ክፍያው ያው ነበር። ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ አቅራቢ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈትና ዕቃው ሲደርስ የምንዛሪው ዋጋ ሊለያይ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ዋጋ የሚታወቀው ባንኩ በትክክል ካወጣው ወጪ ነው። ትራንስፖርት፣ ቀረጥና ኢንሹራንስ ወጪው ላይ ይደመራሉ፤ የባንኩ ሠራተኛ ደመወዝ አይደመርም። አቅራቢው ቅናሽ ካደረገም፣ ከውሉ በኋላም ቢሆን፣ ለደንበኛው እንዲደርሰው መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ መስፈርት አውጪ ድርጅት፣ አዮፊ፣ ደንግጓል። ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ መጠየቅ ይገባል።

ክፍያ ሲዘገይስ? ዕዳው ላይ መጨመር ሪባ፣ ማለትም የተከለከለው ወለድ፣ ነው። ውሉ ውስጥ «ቅጣት» የሚል አንቀጽ ካለ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ይነበብ፦ ወደ በጎ አድራጎት ከሆነ ትክክል ነው፤ ወደ ባንኩ ገቢ ከሆነ ለሸሪዓ አማካሪው የሚቀርብ ጉዳይ ነው። በተቃራኒው ቀድሞ ለሚከፍል ሰው የትርፍ ቅናሽ በባንኩ ፈቃድ እንጂ በመብት አይገኝም። በ18ኛው ወር ዕዳውን ሁሉ ቢዘጋ ባንኩ ሙሉውን ትርፍ መጠየቅ ይችላል። ቶሎ ገንዘብ ይገባኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ሲጀመር አጭር ጊዜ ይፈራረም።

የደረሰኝ ጉዳይም አለ። አቅራቢው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ በባንኩ ስም ቆርጦ ከጨረሰ፣ ደንበኛው ታክሱን ለማቀናነስ ሲሄድ በስሙ ያለ ወረቀት ያጣል። ባንኩ በምን ወረቀት እንደሚሸጥለት ከፊርማ በፊት ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ይጨርስ። ለመኪና ደግሞ ሊብሬው በማን ስም እንደሚወጣ፣ የስም ዝውውር ወጪ ሁለት ጊዜ እንደማይመጣ አስቀድሞ ይጣራ።

በእኛ ሚዛን ቋሚ ማሽን፣ መኪና ወይም የታወቀ ሸቀጥ ለሚገዛና ለ2 እና 3 ዓመት ወጪውን ቁርጥ አድርጎ ማወቅ ለሚፈልግ ነጋዴ ሙራባሃ ጥሩ ምርት ነው። እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ለቸገረው አይሆንም፤ እንደምንም እናስገባህ የሚል መስኮት ካጋጠመው ይሽሽ።

የመጨረሻው ወር ሲከፈል ነገሩ አያልቅም። የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ በእጅ ይያዝ፤ ማሽኑ በብሔራዊ ባንክ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ይሰረዝ፤ የመኪናም ከሆነ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ እገዳው መነሳቱን ማረጋገጥ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ገዢ ሲመጣ «ባንክ ይዞታል» የሚባልበት ፋይል ትንሽ አይደለም።